ለሦስት ዓመት የተቋረጠ የወር አበባ፦ የሯጯ ሜሪ ኬን ጉዳይ

በኦገስት 2013 እ.ኤ.አ. በሞስኮ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች 1500 ሜትር ፍጻሜን ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አበባ አረጋዊ ለስዊድን ሮጣ አሸነፈች። በዚያው ውድድር 10ኛ የወጣችው አሜሪካዊት ሜሪ ኬን ገና የ17 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስትሆን፣ አገሯ ለዓለም ሻምፒዮና ካሰለፈቻቸው አትሌቶች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ነበረች። በዚሁ ዓመት 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ59.51 ሴኮንድ፣ 1500 ሜትርን ደግሞ በ4 ደቂቃ ከ4.62 ሴኮንድ ሮጣለች። በ2014 በኦሪገን ግዛት ዩጂን ከተማ በ3000 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቷ መሻሻሉን አቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከትልልቅ ውድድሮች ጠፋች።

ምክንያቱን በኖቬምበር 2019 በኒው ዮርክ ታይምስ በወጣ ቪዲዮ ራሷ ተናገረች። እንደ እርሷ ቃል፣ የናይኪ ኦሪገን ፕሮጀክት ከተባለው የሥልጠና ቡድን ጋር በነበረችበት ጊዜ ክብደቷን ወደ 114 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 52 ኪሎ ግራም ገደማ እንድታወርድ ያለማቋረጥ ግፊት ይደረግባት ነበር፤ በቡድን ጓደኞቿ ፊት ትመዘንና የተባለው ክብደት ላይ ካልደረሰች ትዋረድ ነበር፤ ቡድኑ ፈቃድ ያለው የሥነ ምግብ ባለሙያ አልነበረውም፤ ክብደቷ እንዲቀንስ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንና ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት እንድትወስድም ተፈልጎ ነበር። የወር አበባዋ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት፣ በኋላም ለዓመታት ቀረ፤ ሲደመር ሦስት ዓመት ሆነ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አምስት አጥንቶቿ ተሰብረዋል፤ ራሷን እስከ መጉዳት የደረሰ የመንፈስ ጭንቀትም ደርሶባታል። አሠልጣኟ የነበረው አልቤርቶ ሳላዛር በደል ፈጽሟል መባሉን አስተባብሏል። በ2021 የመሠረተችው የፍትሐ ብሔር ክስ በ2023 በስምምነት ተዘግቷል።

እዚህ ላይ የምመረምረው የክሱን ሳይሆን የሰውነቷን ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚደርስበት መደምደሚያ «ከባድ ሩጫ የሴትን ሆርሞን ያበላሻል» የሚል ነው። ይህ መደምደሚያ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስህተትነቱም ጎጂ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ወገን ሴት ልጆችን ከስፖርት ለማራቅ ሲጠቀምበት፣ ሌላው ወገን ደግሞ የወር አበባ መቅረትን የታታሪነት ምልክት አድርጎ በዝምታ እንዲያልፈው ያደርጋል። በ40 ዓመት ውስጥ የተሰበሰበው ማስረጃ የሚያሳየው፣ ችግሩ ያለው ከሩጫው ይልቅ ሩጫው ከወሰደው ጉልበት በኋላ ለሰውነት በሚተርፈው ምግብ መጠን ላይ መሆኑን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ዑደቱ ከየት እንደሚጀምር ማወቅ ያስፈልጋል። መነሻው ማህፀን ሳይሆን አንጎል ነው። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ጂ ኤን አር ኤች የተሰኘውን ሆርሞን የሚለቀው በተከታታይ ሳይሆን እየቆራረጠ ነው፤ በዑደቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ይህ ምት በግምት በየ60 እስከ 90 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይደጋገማል። እያንዳንዱን ምት ተከትሎ ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች የሚባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይልካል። እነዚህ ኦቫሪ በተባለው የእንቁላል ዕጢ ውስጥ እንቁላል የያዘውን ከረጢት ያሳድጋሉ፤ እያደገ ያለው ከረጢትም ኢስትራዲዮል የተባለውን ዋናውን የኢስትሮጂን ዓይነት ያመርታል። ኢስትራዲዮል ከፍተኛ መጠን ላይ ሲደርስ ኤል ኤች በአንድ ጊዜ ያሻቅብና እንቁላሉ ይወጣል። ባዶ የቀረው ከረጢት ለሁለት ሳምንት ያህል ፕሮጄስትሮን ያመነጫል፤ በዚህ ጊዜ የሰውነት ሙቀት በ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ይላል። እርግዝና ካልተፈጠረ ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፤ የማህፀን ግድግዳም ተልጦ በደም መልክ ይወጣል።

ደሙ እንግዲህ የረጅም ሂደት የመጨረሻ ውጤት ነው። ስለዚህም የሥርዓቱ መታወክ ቀድሞ የሚጀምረው ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ በመጀመሪያ ፕሮጄስትሮን የሚመረትበት ጊዜ ያጥራል፣ ቀጥሎ እንቁላል ሳይወጣ ደም ይመጣል፣ ከዚያ ዑደቱ ይራዘማል፣ በመጨረሻም ይቆማል። የወር አበባዋ ለወራት የቀረባት ሴት ችግሩ የጀመራት በቀረበት ወር ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው።

አንድ ቀን የተሠራ ስፖርት በዚህ ሥርዓት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አጭርና ጉዳት የሌለው ነው። ጠንከር ያለ ሩጫ በደም ውስጥ ያለውን የኢስትራዲዮልና የፕሮጄስትሮን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ይበልጥ የሚታየው እንቁላል ከወጣ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ጭማሪው የሚመጣው ግን በአመዛኙ ኦቫሪ ብዙ ስላመረተ አይደለም፤ በሩጫ ሰዓት ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚቀንስ ጉበት ሆርሞኖቹን የሚያስወግድበት ፍጥነት ይዘገያል፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍልም ይቀንሳል። ከዕረፍት በኋላ መጠኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዑደቱ በበኩሉ በብቃት ላይ ያለው ተጽዕኖም ከሚነገርለት ያነሰ ነው፤ በ2020 የወጣና 78 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ፣ ደም በሚፈስባቸው የመጀመሪያ ቀናት ብቃት በትንሹ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ልዩነቱ ግን እዚህ ግባ የማይባልና ከሴት ሴት የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የሜሪ ኬንን ሦስት ዓመት በአንድ ልምምድ ወይም በአንድ ውድድር ማስረዳት አይቻልም።

ሩጫ ለሳምንታት ሲደጋገም ምን ይሆናል? በ1985 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ ጥናት ይህን በቀጥታ ሞክሮታል። ቀድሞ ስፖርት የማይሠሩ፣ እንቁላል እንደሚያወጡ የተረጋገጠላቸው 28 የኮሌጅ ተማሪዎች በቀን 6.4 ኪሎ ሜትር መሮጥ ጀምረው በአምስተኛው ሳምንት በቀን 16 ኪሎ ሜትር ደረሱ፤ በተጨማሪም በየቀኑ ለሦስት ሰዓት ተኩል ሌላ ስፖርት ይሠሩ ነበር። ከፊሎቹ ክብደታቸውን እንዲጠብቁ፣ ሌሎቹ እንዲቀንሱ ተደረገ። በሥልጠናው ወቅት ሙሉ በሙሉ ጤናማ ዑደት የታየባቸው አራት ብቻ ነበሩ፤ ከአራቱም ሦስቱ ክብደታቸውን ከጠበቁት ወገን ነበሩ። የወር አበባ መዘግየትና የኤል ኤች ማሻቀብ መጥፋት ይበልጥ የታየው ክብደት በቀነሱት ላይ ነው። ጥናቱ ካበቃ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሁሉም ወደ ጤናማ ዑደት ተመልሰዋል።

ይህ ጥናት አንድ ትልቅ ጥያቄ ክፍት ትቶ ነበር፤ የጎዳቸው የሩጫው ጫና ነው ወይስ የጉልበት ጉድለቱ? ጥያቄውን በትዕግሥት የፈቱት በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ አን ሉክስ ናቸው። ሥራቸው ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘው ምክር ሁሉ በእርሱ ላይ ቆሟል። በ2003 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ መደበኛ የወር አበባ ያላቸውና ስፖርት የማያዘወትሩ 29 ወጣት ሴቶች ለአምስት ቀናት በክትትል ሥር ስፖርት እንዲሠሩ አደረጉ። ሁሉም በየቀኑ ያወጡት ጉልበት እኩል ነበር፤ ከስብ ውጭ ላለው የሰውነት ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 15 ኪሎ ካሎሪ። የሚለያየው የሚበሉት መጠን ነው፤ ስፖርቱ የወሰደው ጉልበት ተቀንሶ ለሰውነት የሚተርፈው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አንዳንዴ 45፣ አንዳንዴ 30፣ አንዳንዴ 20፣ አንዳንዴም 10 ኪሎ ካሎሪ እንዲሆን ተመጥኖ ነበር። ከዚያም ለ24 ሰዓት፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ በየ10 ደቂቃው ከክንዳቸው ደም ይቀዳ ነበር፤ የኤል ኤችን ምት መቁጠር የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ስለሆነ ነው። 30 ላይ የነበሩት ሴቶች የኤል ኤች ምት አልተነካም። ከ30 በታች ግን ምቱ እየራቀ ሄደ፤ 10 ላይ መታወኩ በረታ። ለዚህ የበቃው አምስት ቀን ነበር። ከዚያ በፊት በ1998 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ፣ በስፖርት ያወጡትን ጉልበት በምግብ የተኩ ሴቶች የኤል ኤች ምታቸው ስፖርት ባለመሥራት ከቆዩት እንደማይለይ አሳይቷል። የስፖርት ጫና ለብቻው አንጎልን አላስቆመውም።

ቁጥሩን ወደ ኑሮ ለማምጣት፣ 55 ኪሎ ግራም የምትመዝንና ከዚህ ውስጥ 44 ኪሎ ግራሙ ከስብ ውጭ የሆነ አንዲት ሯጭ እናስብ። በቂ የሚባለው 45 ኪሎ ካሎሪ ሲባዛ 1980 ይሆናል፤ አደጋው የሚጀምርበት 30 ደግሞ 1320። በጠዋትና በማታ ልምምድ 900 ኪሎ ካሎሪ ካወጣችና በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ከበላች የሚተርፋት 1100 ብቻ ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 25 ይሆናል። 2000 ኪሎ ካሎሪ በላች ሲባል ማንም አልራባትም ይላል፤ እርሷም ራሷ ጥጋብ ሊሰማት ይችላል፤ ጠንካራ ስፖርት የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ስለሚቀንስ ረሃብ አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። 30 የሚለው ቁጥር ለሁሉም ሴት እኩል የሚሠራ የድንበር ድንጋይ አይደለም፤ አንዳንዷ ከዚያ በላይ ሳለች ትታወካለች፣ ሌላዋ ከዚያ በታች ትቆያለች። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

በሜሪ ኬን ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደኝ የዕድሜዋ ነገር ነው። ሉክስ በ2006 ያሳተሙት ጥናት፣ የወር አበባ ካዩ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሆናቸው ወጣቶች በአምስት ቀን የምግብ ጉድለት የኤል ኤች ምታቸው ሲታወክ፣ የወር አበባ ካዩ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሴቶች ግን በተመሳሳይ ጉድለት እንዳልታወኩ አሳይቷል። ሥርዓቱ ገና ያልጠና በሆነባት ልጅ ላይ የሚጫን የክብደት ግብ፣ በ30 ዓመት ሴት ላይ ከሚጫነው እጅግ የከፋ ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው። ለ17 ዓመት ልጅ በሚዛን ላይ የተወሰነ ቁጥር መስጠት፣ ሰውነቷ ገና እያደገ ባለበት ጊዜ እድገቱን አቁም ብሎ እንደ ማዘዝ ነው።

አንጎል ጉድለቱን የሚያውቀው በሌሎች ሆርሞኖች አማካይነት ነው። ምግብ ሲጎድል ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲን ይወርዳል፤ ቲ 3 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ኢንሱሊንና ለአጥንት እድገት የሚያስፈልገው አይ ጂ ኤፍ 1 ዝቅ ይላሉ፤ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል ይጨምራል። በ2004 በቦስተን በተደረገ ጥናት፣ በእንዲህ ዓይነት ምክንያት የወር አበባቸው ለቀረ ስምንት ሴቶች ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጣቸው የኤል ኤች ምት ጨምሯል፤ ከስምንቱም ሦስቱ እንቁላል አውጥተዋል። የምግብ እጥረትና የመራቢያ ሥርዓት በሌፕቲን በኩል እንደሚነጋገሩ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ሰውነት እዚህ ላይ ታሟል ማለት አይቻልም፤ ያለውን ጥቂት ጉልበት ለልብ፣ ለአንጎልና ለሩጫው አድርጎ እርግዝናን ወደ ኋላ አዘግይቷል።

ዋጋው ግን የሚከፈለው በአጥንት ነው። ተመራማሪዋ ባርባራ ድሪንክዋተር በ1984 የወር አበባቸው የቀረ 14 ሴት አትሌቶችን መደበኛ ዑደት ካላቸው 14 አትሌቶች ጋር አነጻጽረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኢስትራዲዮል በአማካይ 39፣ የሁለተኛዎቹ 107 ፒኮግራም በሚሊሊትር ነበር። በ20ዎቹ ዕድሜ የነበሩት ዑደታቸው የቀረባቸው አትሌቶች የጀርባ አጥንታቸው ማዕድን ክምችት ከ51 ዓመት ሴት ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኘ። ሩጫ አጥንትን ያጠነክራል የሚባለው እውነት ነው፤ ኢስትሮጂን በሌለበት ግን አሮጌው አጥንት የሚፈርስበት ፍጥነት አዲሱ ከሚገነባበት ይበልጣል፤ የእያንዳንዱ እርምጃ ተጽዕኖም የሚያርፈው በሳሳ አጥንት ላይ ይሆናል። የአጥንት ክምችት በአብዛኛው የሚጠናቀቀው በ20 ዓመት ዕድሜ አካባቢ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሜሪ ኬን ኢስትሮጂን ያጣችው ከሁሉ በላይ በሚያስፈልጋት ጊዜ ነበር። አምስቱ ስብራቶች በዚህ ዓይን ሲታዩ የዕድል ጉዳይ አይደሉም።

ኪኒኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ለምትወስድ ሴት በየወሩ የሚመጣው ደም የራሷ ዑደት ውጤት አይደለም፤ ኪኒኑ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የቀረውን የወር አበባ መልሶ ያመጣ ይመስላል እንጂ የአንጎሉን ምት አይመልስም፤ ይልቁንም የቀረውን ብቸኛ ምልክት ይሸፍናል። በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጂን በጉበት በኩል ስለሚያልፍ አይ ጂ ኤፍ 1ን ይቀንሳል፤ ለአጥንትም የተጠበቀውን ያህል አይረዳም። የአሜሪካ የኢንዶክራይን ማኅበር በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የወር አበባ ለመመለስ ወይም አጥንትን ለማሻሻል ብቻ ሲባል ኪኒን እንዳይሰጥ መክሯል። ቀጥሎ በአሜሪካ በተደረገ ጥናት የወር አበባቸው የተዛባ ወጣት አትሌቶች ላይ ለ12 ወራት በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኢስትራዲዮል ከኪኒንም፣ ምንም ካለመውሰድም በተሻለ የአጥንት ክምችትን ጨምሯል። ይህ ግን ለምግብ ጉድለቱ ምትክ ሆኖ የሚታዘዝ ሳይሆን፣ ምግብና ልምምድ ተስተካክለውም ዑደቱ ካልተመለሰ የሚታሰብ ነው።

የወር አበባዋ ለሦስት ተከታታይ ወር የቀረባት ወይም ዑደቷ በተደጋጋሚ ከ45 ቀን የሚያልፍ አትሌት ሐኪም ማየት አለባት። መጀመሪያ የሚታየው እርግዝና ነው፤ ቀጥሎም ታይሮይድ፣ ፕሮላክቲን፣ ኤል ኤች፣ ኤፍ ኤስ ኤች እና ኢስትራዲዮል ይለካሉ፤ ሌላ በሽታ መኖሩ ሳይጣራ ሁሉን በስፖርት ማሳበብ አይገባም። የምግብ ጉድለት በሆነባት ሴት ኢስትራዲዮል ዝቅ ብሎ ሳለ ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች ግን ዝቅተኛ ወይም መደበኛ ሆነው ይገኛሉ፤ ኦቫሪ ራሱ የደከመ ቢሆን ኖሮ ኤፍ ኤስ ኤች በእጅጉ ከፍ ይል ነበር። ይህ ልዩነት ነው ችግሩ ከአንጎል ትእዛዝ መሆኑን የሚነግረን።

በእንጦጦና በሱሉልታ ማለዳ የሚሮጡ ልጆቻችን ከዚህ ጉዳይ የራቁ አይደሉም። በአብዛኛው ወንድ የሆነ አሠልጣኝ ፊት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ «የወር አበባዬ ቀርቷል» ብላ ለመናገር ማፈሯ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከእርሷ መጠበቅ የለበትም። በዐቢይ ጾም ወቅት በቀን አንዴ እየበላች፣ ሥጋና ወተት ትታ፣ ልምምዷን ግን ሳትቀንስ የምትቀጥል ሯጭ ጉልበቷን መቁጠር ይገባታል፤ ሽሮውና ምስሩ፣ ኑጉና ተልባው፣ ሱፉም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ መጠኑ ካላነሰና ልምምዱ ከምግቡ ሰዓት ጋር ከተስማማ ጾሙ በራሱ እንቅፋት አይሆንም። አሠልጣኙ በየወሩ የዑደት ቀን እንዲመዘገብ ቢጠይቅ፣ ጥያቄውም በሴት ረዳት ወይም በነርስ በኩል ቢደርስ፣ ምንም ወጪ ሳይወጣ ከደም ምርመራ የሚቀድም መረጃ ይገኛል። ኪሎን በሰው ፊት መመዘን ግን መቅረት አለበት፤ ከሚዛን የሚገኘው ቁጥር ሰውነት ስለሚያስፈልገው ጉልበት የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው።

ሕክምናው ሲታይ ቀላል፣ ሲተገበር ከባድ ነው። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በ2001 በጦጣዎች ላይ የተደረገ ሙከራ መንገዱን በግልጽ አሳይቷል። በቀን ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጡ ዑደታቸው የቆመ ጦጣዎች፣ ሩጫው ሳይቀነስባቸው ምግብ ብቻ ሲጨመርላቸው ዑደታቸው ተመለሰ፤ የተመለሰበት ፍጥነትም ከጨመሩት ምግብ መጠን ጋር የተያያዘ ነበር። በሴቶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምግብ መጨመርና ልምምድ መቀነስ አብረው ይሄዳሉ፤ ክብደት መመለስን የምትፈራ ልጅም የሥነ ልቦና ባለሙያ ትፈልጋለች። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ጉዳዩን ከወር አበባና ከአጥንት አስፍቶ በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የጉልበት ጉድለት ብሎ ሲሰይመው፣ በ2018 እና በ2023 ሲያሻሽለው፣ ልብን፣ በሽታ የመከላከል አቅምንና አእምሮን ጨምሮበታል።

ሜሪ ኬን በ2019 ተመልሳ መሮጥ ጀመረች፤ በ2021 ሴት ሯጮችን ከወጣት ልጃገረዶች ጋር የሚያገናኝ አታላንታ የተባለ ድርጅት በኒው ዮርክ መሠረተች። አጥንትን በተመለከተ ግን የማገገም ታሪኩ ቀስ ያለ ነው። ድሪንክዋተር ዑደታቸው የተመለሰላቸውን ሰባት አትሌቶች ሲከታተሉ፣ በመጀመሪያዎቹ 14 ወራት የጀርባ አጥንታቸው ክምችት በ6 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ጭማሪው እየቀነሰ ሄዶ ቆሞ፣ ዑደታቸው ሳይቋረጥ ከኖሩት አትሌቶች በታች ቀሩ። የወር አበባ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ የአጥንት ክምችት ዴክሳ በተባለ የራጅ ምርመራ እንዲለካ የሚመከረው ለዚህ ነው።